እርዳታ ሲቆረጥ፦ መንግሥት እስከ የት ድረስ መሄድ ይችላል?

እ.ኤ.አ. በ2014 ኤርፉርት በምትባል የምሥራቅ ጀርመን ከተማ የሚኖር አንድ ሥራ አጥ፣ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን «ጆብሴንተር» ከሚሉት ቢሮ ደብዳቤ ደረሰው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሰውየው የተማረው የመጋዘን ሥራ ነው፤ ቢሮው ያቀረበለትም የመጋዘን ሥራ ነበር። እሱ ግን መሥራት የምፈልገው ሽያጭ ላይ ነው ብሎ ሳይቀበለው ቀረ። በወር ከሚያገኘው 391 ዩሮ የኑሮ ድጋፍ ላይ 30 ከመቶ፣ ማለትም 117 ዩሮ ከ30 ሳንቲም ተቀነሰበት። ቀጥሎ ለሙከራ ሥራ የተሰጠውን የድጋፍ ወረቀት ሳይጠቀምበት ሲቀር ቅነሳው 60 ከመቶ ገባ። ለምግብ፣ ለልብስ፣ ለመብራት፣ ለሳሙናና ለትራንስፖርት በወር 156 ዩሮ ከ40 ሳንቲም ቀረው። ቅጣቱ የሚቆየው ሦስት ወር ነው። በማግስቱ ሐሳቡን ቀይሮ «እሺ፣ እሠራለሁ» ቢል እንኳ ሦስቱ ወር አያጥርለትም።

ይህን ሰው ያነሣሁት ታሪኩ አንጀት ስለሚበላ አይደለም። ሥራውን እምቢ ያለበት ምክንያት ሕመም ወይም የልጅ ጉዳይ አልነበረም። ብዙ አንባቢ «ሥራ ሲሰጠው እምቢ ካለ ታዲያ ምን ይደረግለት?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን መብት መብት መሆኑ የሚታወቀው ማንም በማያዝንለት ሰው ላይ ሲሞከር ነው። ለታመመች እናት የሚራራ ቢሮ ሁሉም አገር አለ፤ ርኅራኄ ሳያስፈልገው፣ በሕግ ብቻ ሊቆም የሚችል ሰው መኖር አለመኖሩ ነው ነገሩን የሚለየው።

ሰውየው ከሰሰ። ጎታ ከተማ የሚገኘው የማኅበራዊ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ሕጉ ራሱ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ጉዳዩን ካርልስሩኸ ወዳለው የፌዴራል ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ላከው። ፍርዱ የተሰጠው ኅዳር 5 ቀን 2019 ነው። መንግሥት ለችግረኛ በሚሰጠው ድጋፍ ላይ ግዴታ ሲጥል ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ ይህን ያህል በጥልቀት የመረመረ ፍርድ እኔ ብዙ አላውቅም። ስለዚህ እሱን ተከትለን እንሂድ።

በመጀመሪያ ሕጉ እንዴት መጣ? በ2002 የፎልክስቫገን ኩባንያ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ የነበሩት ፔተር ሃርትስ የመሩት ኮሚሽን ለጀርመን መንግሥት የሥራ ገበያ ማሻሻያ ሐሳብ አቀረበ። የጌርሃርድ ሽሮደር መንግሥት ሐሳቡን ወደ ሕግ ለወጠው። አራተኛው ክፍል፣ ሕዝቡ «ሃርትስ ፊር» የሚለው፣ ከጥር 1 ቀን 2005 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ውሉ በአጭሩ ይህ ነበር፦ መንግሥት ይደግፍሃል፣ አንተ ደግሞ ሥራ ትፈልጋለህ፣ ቀጠሮ ታከብራለህ፣ የተሰጠህን ሥራ ትቀበላለህ፤ ካልሆነ ይቆረጥብሃል። ቀጠሮ የቀረ 10 ከመቶ ያጣል። ሥራ ወይም ሥልጠና እምቢ ያለ በመጀመሪያው 30 ከመቶ፣ በዓመቱ ውስጥ ከደገመ 60 ከመቶ፣ ከሠለሰ የቤት ኪራዩና የማሞቂያው ሳይቀር ሁሉም ይቆረጣል። ዕድሜው ከ25 በታች ከሆነ ገና በመጀመሪያው ጥፋት የኑሮ ገንዘቡ በሙሉ ይቀራል፤ የሚከፈለው ኪራዩ ብቻ ነው። ለምን ወጣቱ ላይ እንዲህ እንደጠነከረ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ወጣት ቶሎ መታረም አለበት የሚል ነበር። እኔ ይህ መልስ አይዋጥልኝም። የ19 ዓመት ልጅና የ40 ዓመት ሰው ሲርባቸው ልዩነት የላቸውም።

አሁን ወደ ፍርዱ። የጀርመን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1 የሰው ክብር አይደፈርም ይላል፤ አንቀጽ 20 ደግሞ አገሪቱ ማኅበራዊ መንግሥት ናት ይላል። ፍርድ ቤቱ ሁለቱን አንድ ላይ አንብቦ እያንዳንዱ ሰው ለክብሩ የሚመጥን ዝቅተኛ ኑሮ ከመንግሥት የመጠየቅ መብት አለው ብሏል። ይህ ዝቅተኛ ኑሮ ነፍስን ከሥጋ ጋር ከሚያቆየው ምግብና መጠለያ በላይ ነው። ከሰው ጋር መገናኘትን፣ በማኅበራዊ፣ በባህላዊና በፖለቲካዊ ሕይወት በትንሹም ቢሆን መሳተፍንም ይጨምራል። ክብሩ ደግሞ ጥሩ ጠባይ ላሳየ ብቻ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም። መጥፎ ሥራ ሠርቷል በተባለ ሰውም ላይ ይጸናል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ፍርድ ቤቱ ግዴታን በሙሉ የሻረ ይመስላቸዋል። እንደዚያ አላለም። የሕዝብ ገንዘብ ውስን ነው፤ ራሱን መርዳት የሚችል ሰው ራሱን እንዲረዳ መጠየቅ ይቻላል፤ በቂ ምክንያት ሳይኖረው እምቢ ያለን ሰው 30 ከመቶ መቀነስም ይቻላል ብሏል። ነገር ግን ግዴታው ሰውየውን ወደ ሥራ የሚመልስ መሆን አለበት። ሰውን ለመቅጣት፣ ጠባይ ለማስተማር ወይም መንግሥት «ለራስህ የሚበጅህ ይህ ነው» የሚለውን ለማስገደድ የታለመ ከሆነ ተቀባይነት የለውም። ሰውየው ያን ግዴታ በእውነት መፈጸም የሚችልም መሆን አለበት። የተለየ ችግር ላለበት ሰው ቢሮው ቅነሳውን የሚተውበት በር ሊኖረው ይገባል፤ አሮጌው ሕግ ግን ሠራተኛው እያወቀም ቢሆን እንዲቆርጥ ያስገድደው ነበር። ደግሞም ሰውየው ግዴታውን ከፈጸመ ወይም ለመፈጸም ከልቡ ከተነሣ ገንዘቡ መመለስ አለበት። ሦስት ወር ሙሉ ደርቆ የሚቆይ ቅጣት ከዓላማው ጋር አይሄድም።

60 ከመቶውና ሙሉ በሙሉ መቁረጡ ግን አሁን ባለው እውቀት ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማሙም ተባሉ። ለዚህ የተሰጠው ምክንያት ለእኔ የፍርዱ ትልቁ ቁም ነገር ነው። ሕጉ ከ2005 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቷል። በዚያ ሁሉ ጊዜ መንግሥት እንዲህ የከበደ ቅነሳ ሰውን ወደ ሥራ እንደሚመልስ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላመጣም። ሕግ አውጪ ገና ሲጀምር በግምት ሊሠራ ይችላል፤ ሕጉ እየቆየ ሲሄድ ግን በግምት ብቻ የሰውን የዕለት እንጀራ እየቆረጠ መቀጠል አይችልም አለ ፍርድ ቤቱ። ኪራዩ ጭምር የተቆረጠበት ሰው ቤቱን ሊያጣ ይችላል፤ ቤት ያጣ ሰው የት ታጥቦ፣ ምን ለብሶ፣ በየትኛው አድራሻ ሥራ ያመለክታል? ወደ ሥራ ይመልሳል የተባለው መሣሪያ ከሥራ የሚያርቅ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተነካክቷል። በጥር 2023 «ቡርገርጌልድ» የሚባለው አዲስ ድጋፍ መጣ፤ ቅነሳውም ከ10 ጀምሮ እስከ 30 ከመቶ በደረጃ እንዲሆን ተደረገ። በ2024 ፖለቲካው ተገለበጠና ሥራ ደጋግሞ እምቢ ያለ ሰው የኑሮ ገንዘቡ እስከ ሁለት ወር በሙሉ ሊቆረጥ ይችላል ተባለ፤ ኪራዩ ግን ይከፈላል። በ2025 ሥልጣን የያዘው የፍሪድሪኽ ሜርዝ ጥምር መንግሥት ደግሞ ሕጉን ይበልጥ ለማጥበቅ ተስማምቶ ነው የገባው። አሐዙ በየምርጫው ይቀያየራል። በካርልስሩኸ የተሰመረው ወሰን ግን በምርጫ ውጤት አይነሣም፤ አንቀጽ 1 የሚለውን መሠረተ ሐሳብ ፓርላማው በሙሉ ድምፅ እንኳ ሊሽረው አይችልም።

ይህ ፍርድ ከሰማይ ዱብ አላለም። በ1954 የጀርመን ፌዴራል አስተዳደር ፍርድ ቤት ችግረኛው ባለመብት እንጂ የባለሥልጣን ምጽዋት ተቀባይ አለመሆኑን ወስኖ ነበር። ከዚያ በፊት ድጋፉ የሚሰጠው ለጸጥታ ሲባል፣ ችግረኛውን ከመንገድ ለማንሣት ያህል ነበርና ሰውየው በስሙ ሊከስበት የሚችል መብት አልነበረውም። በየካቲት 2010 ደግሞ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የሃርትስ ፊር የክፍያ መጠን የተሰላበት መንገድ ሕገ መንግሥታዊ አይደለም አለ። ከ14 ዓመት በታች ላለ ልጅ 207 ዩሮ ይከፈል ነበር። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ከአዋቂው ክፍያ 60 ከመቶ ተወስዶ ነው። ልጅ ምን እንደሚያስፈልገው የጠየቀ የለም፤ ደብተር፣ የትምህርት መጽሐፍ፣ ለሒሳብ ትምህርት የምትሆን ካልኩሌተር በስሌቱ ውስጥ አልታሰቡም። ፍርድ ቤቱ ልጅ ትንሽ አዋቂ አይደለም አለ። ይህች ነጥብ ልጅ ላሳደገ ሁሉ ማብራሪያ የምትሻ አይመስለኝም።

የእኛን ሰዎች በቀጥታ የሚነካው በ2012 የተሰጠው ፍርድ ነው። ጀርመን በ1993 ለጥገኝነት ጠያቂዎች የተለየ ሕግ አውጥታ ነበር፤ ክፍያው ለመደበኛ ችግረኛ ከሚሰጠው በጣም ያነሰ ነበር። በዚያ ላይ ገንዘቡ እስከ 2012 ድረስ ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አንዲት ሳንቲም ሳይጨመርበት 224 ዩሮ ከ97 ሳንቲም ላይ ቆመ። በእነዚያ ዓመታት ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሄደው በየካምፑ የቆዩ ሰዎች የኖሩት በዚህ ነው፤ ያውም በብዙ ቦታ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በተዘጋጀ የምግብ ጥቅል። ክፍያው ዝቅ የተደረገበት ምክንያት ሌሎች እንዳይመጡ ለማስፈራራት ነበር። ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 2012 ይህን ውድቅ አደረገው፦ የሰውን ክብር ለስደት ፖሊሲ ሲባል ዝቅ ማድረግ አይቻልም አለ። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ2022፣ በጋራ መጠለያ የሚኖሩ ላጤዎች ላይ ይደረግ የነበረውን የ10 ከመቶ ቅነሳም ሻረ። መንግሥት ቅነሳውን ያደረገው አንድ መጠለያ ያሉ ሰዎች አብረው ይሸምታሉ፣ አብረው ያበስላሉ፣ ስለዚህ ወጪያቸው ይቀንሳል ብሎ ነበር። ቋንቋቸው፣ ሃይማኖታቸውና አጽዋማቸው የማይገናኝ፣ ሳይተዋወቁ ከተለያየ አገር መጥተው በአንድ ኮሪደር የተመደቡ ሰዎች አንድ ድስት ጥደው እንደሚኖሩ ማስረጃ ሳይኖር ነው ይህ የታሰበው።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ዓይነት ግዴታ መጥቷል። ከ2024 ጀምሮ ብዙ የጀርመን ክፍለ ግዛቶች ለጥገኝነት ጠያቂዎች ገንዘቡን በክፍያ ካርድ ይሰጣሉ፤ በየወሩ በጥሬ ማውጣት የሚፈቀደው በብዙ ቦታ 50 ዩሮ ብቻ ነው። ካርዱ «ሥራ ሥራ» የሚል ግዴታ የለበትም፤ ግን ሰውየው ገንዘቡን የት ቦታ እንደሚያወጣ ይወስንለታል። ካርድ የማይቀበል የቅዳሜ ገበያ፣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ጎረቤት፣ የልጅ የትምህርት ቤት ሽርሽር መዋጮ ሁሉ ከዚያች 50 ዩሮ ይወጣሉ። በዚህ ላይ ክርክሩ በየፍርድ ቤቱ ገና አላለቀም።

ዓለም አቀፉ ሕግስ ምን ይላል? በ1948 የወጣው ሁሉ አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 22 እና 25 ማኅበራዊ ዋስትናን የሁሉ ሰው መብት አድርጎታል። በ1966 የጸደቀው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን ደግሞ አስገዳጅ አደረገው። ኢትዮጵያ በ1993 ገብታበታለች፤ አሜሪካ በ1977 ፈርማ እስከ ዛሬ አላጸደቀችውም። የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ በ2007 ባወጣው ማብራሪያ ቁጥር 19 ድጋፍ ለማግኘት የሚጣል ግዴታ ምክንያታዊ፣ ተመጣጣኝና ግልጽ መሆን አለበት ይላል፤ ድጋፉን መቀነስ ወይም ማቋረጥም በሕግ የተደነገገና ሥርዓቱን የጠበቀ እንዲሆን ይጠይቃል። በተጨማሪም ቃል ኪዳኑ ስለ ሥራ ሲያወራ ሰው በነፃ የመረጠው ወይም የተቀበለው ሥራ ይላል። ሥራ አጥን «የተሰጠህን ሥራ ካልሠራህ ትራባለህ» የሚል መንግሥት ከዚህ ቃል ጋር እንዴት እንደሚታረቅ ሕግ አዋቂዎች እስካሁን ይከራከራሉ።

አሜሪካ ቃል ኪዳኑን ባታጸድቅም ጠቃሚ ትምህርት የሰጠችበት አንድ ጉዳይ አለ። በ1970 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ጎልድበርግ እና ኬሊ በሚባለው የኒው ዮርክ ክስ፣ ቢሮው የችግረኛን ድጋፍ ከማቋረጡ በፊት ሰውየውን ሊሰማው ይገባል ብሎ ፈረደ። ቁልፉ «በፊት» የሚለው ነው። ሌላ ክርክር ያለበት ሰው ፍርዱን ሥራ እየሠራ ሊጠብቅ ይችላል፤ የዕለት ጉርሱ የተቋረጠበት ግን ይግባኙ እስኪሰማ የሚቆይበት የለውም። እስከ ዛሬ ፉድ ስታምፕ የሚባለው የምግብ ድጋፍ ተቀባይ የማቋረጫ ማስታወቂያ ሲደርሰው በማስታወቂያው ጊዜ ውስጥ፣ በአብዛኛው በ10 ቀን፣ የመሰማት ጥያቄ ካቀረበ ክፍያው ውሳኔው እስኪሰጥ ሊቀጥልለት የሚችለው ከዚህ የተነሣ ነው። ክርክሩን ከተረታ ግን የወሰደውን እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል።

አሜሪካ ሌላም አሳይታለች። የአርካንሳ ክፍለ ግዛት በሰኔ 2018 ሜዲኬይድ በሚባለው የድሆች የሕክምና ዋስትና ላይ የሥራ ግዴታ ጣለ፦ በወር 80 ሰዓት መሥራት፣ መማር ወይም በጎ ፈቃድ ማገልገል፣ ይህንንም በየወሩ ማሳወቅ። መጀመሪያ ላይ ማሳወቅ የሚቻለው በኢንተርኔት ብቻ ነበር፤ ድረ ገጹም ከማታ 3 ሰዓት እስከ ንጋት 1 ሰዓት ይዘጋል። ቀን የሚሠራ፣ ማታ የሚመለስ፣ ቤቱ ኢንተርኔት የሌለው ሰው መቼ ያስገባ? በጥቂት ወራት ውስጥ ከ18,000 በላይ ሰዎች ዋስትናቸውን አጡ። በመጋቢት 2019 የፌዴራል ዳኛ እስኪያግደው ድረስ ቀጠለ። ኋላ የተጠና ጥናት የሥራ ስምሪት ከፍ እንዳላለ አሳየ፤ ግዴታው ከሚመለከታቸው ሰዎች ከ95 ከመቶ በላይ የሚሆኑት ቀድሞውኑ ግዴታውን የሚያሟሉ ወይም ከግዴታው ነፃ መሆን የሚገባቸው ነበሩ። ዋስትናቸው የቀረው ሰነፍ ስለሆኑ ሳይሆን ቅጹ ስላልገባ ነው። በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ይህንኑ የ80 ሰዓት ግዴታ ለብዙ አዋቂ የሜዲኬይድ ተጠቃሚዎች በአገር ደረጃ አምጥቶታል፤ ክፍለ ግዛቶች በጥቅሉ ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ እንዲያስፈጽሙት ተደንግጓል። በታክሲና በዴሊቨሪ የሚሠሩ፣ ሰዓታቸው ከሳምንት ሳምንት የሚለያይ ወገኖቻችን ከአሁኑ የሥራ ሰዓታቸውንና ገቢያቸውን የሚያሳይ ወረቀት ማስቀመጥ ቢጀምሩ ይበጃቸዋል።

በኔዘርላንድስ የደረሰው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ለልጅ መዋያ ድጎማ የሚያገኙ ወላጆች ትንሽ ወረቀት ጎደለባቸው፣ ፊርማ ቀረ፣ የራሳቸው ድርሻ ጥቂት ዩሮ አነሰ በሚል ብቻ የወሰዱትን በሙሉ፣ አንዳንዶቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዩሮ፣ እንዲመልሱ ተጠየቁ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች እንደ አጭበርባሪ ታዩ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ የውጭ ዝርያ ያላቸው ናቸው። የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን የግብር መሥሪያ ቤቱ የዜግነት መረጃን የተጠቀመበት መንገድ አድሏዊ እንደነበር አረጋገጠ። የማርክ ሩተ መንግሥት በጥር 2021 በዚህ ምክንያት ሥልጣን ለቀቀ። ቤታቸውን ያጡ፣ ትዳራቸው የፈረሰ ሰዎች ግን ካሣቸውን ለማግኘት ዓመታት ጠብቀዋል።

በእስራኤልም ከ2005 እስከ 2010 በሕዝቡ «ዊስኮንሲን» የሚባል ፕሮግራም ነበር። ከሞከሩበት ቦታዎች ሐደራና አሽቀሎን ይገኙበታል፤ ሁለቱም ቤተ እስራኤላውያን በብዛት የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። የገቢ ድጋፍ የሚያገኝ ሰው በሳምንት ብዙ ሰዓት በማዕከሉ እንዲገኝ ይገደዳል፤ ማዕከሉን የሚያስተዳድሩት የግል ኩባንያዎች ነበሩ፤ በመጀመሪያው ውል ደግሞ የድጋፍ ተቀባዩ ቁጥር ሲቀንስ ኩባንያው ያተርፋል። የሚቆርጠው ሰው በመቁረጡ የሚጠቀም ከሆነ ውሳኔው ፍትሐዊ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። የአገሪቱ ፓርላማ፣ ክኔሴት፣ በ2010 ሳያድሰው ቀርቶ ፕሮግራሙ ቆመ።

አሁን ወደ አገር ቤት እንምጣ። በ2005 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በአፍሪካ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው፤ ወደ 8 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን አቅፎ ያውቃል። ጉልበት ያለው ቤተሰብ እርከን ይሠራል፣ ጋቢዮን ያስራል፣ የገጠር መንገድ ይጠርጋል፤ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን ሥራ ተቆጥሮ በብዙ ወረዳ 15 ኪሎ እህል ወይም የዋጋው ጥሬ ገንዘብ ይሰጣል፤ ያውም ለዓመቱ ስድስት ወር። ጉልበት የሌላቸው አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕመምተኞች ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶች ከሥራው ወጥተው ለጊዜው ወደ ቀጥታ ድጋፍ እንዲዛወሩ መመሪያው ያዛል። እነዚህ እናቶች የጤና ክትትል እንዲያደርጉና የአመጋገብ ትምህርት እንዲከታተሉ ይጠበቅባቸዋል፤ ቢቀሩ ግን እህላቸው አይቆረጥም። ግዴታ አለ፣ ቅጣት የለም። ስለ ግዴታ በሚደረገው ዓለም አቀፍ ክርክር የእኛ አገር ፕሮግራም ይህን መምረጡ ሊጠቀስለት የሚገባ ነው።

ችግሩ ያለው መመሪያው ከቀበሌ ሲደርስ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ማንም ሰው በግዴታ ሥራ እንዲሠራ አይደረግም ይላል፤ ለአካባቢ ልማት የሚደረግ ሥራ ከዚህ የሚለየው ሕዝቡ በፈቃዱ ሲሠራው ነው። የሴፍቲኔት ሥራ የሚከፈልበት ስለሆነ አስገዳጅ ሥራ ነው ማለት አልችልም። ሆኖም ክረምት እስኪገባ ጎተራው ባዶ የሆነበት ገበሬ «አልሠራም» ለማለት ምን ያህል አቅም አለው? ስለዚህ የሥራው ቀን እንዳይበዛ፣ እርሻውን በሚያርስበት ወቅት እንዳይጠራ፣ የታመመ ቀን እንዳይቆጠርበት መጠበቅ ከመብት ጉዳይ ይቆጠራል። ሌላው ደግሞ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለው ነው። በ2010 ሂዩማን ራይትስ ዋች ባወጣው ዘገባ የቀበሌ ሹማምንት ሴፍቲኔትን፣ ማዳበሪያንና ብድርን ለገዥው ፓርቲ ድጋፍ ማስገኛ ያደርጉ እንደነበር ከሰሰ፤ መንግሥት ክሱን አልተቀበለውም። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ በሕግ ያልተጻፈ ግዴታ ከተጻፈው የበለጠ አደገኛ ነው፤ የተጻፈውን ፍርድ ቤት ሊመረምረው ይችላል፣ በጆሮ የተነገረውን ግን የሚመረምር የለም። ፕሮግራሙ በየቀበሌው የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር ያዝዛል። ቅሬታ የሚሰማው ሰው መዝጋቢው ራሱ ወይም የመዝጋቢው ዘመድ ከሆነ ኮሚቴው በስም ብቻ ነው ያለው።

በመጨረሻ ደብዳቤ ለደረሰው ሰው የሚሆን ነገር ልጨምር። በጀርመን ቅነሳ ከመወሰኑ በፊት ቢሮው ሐሳብዎን ሊጠይቅ ይገባል፤ ለዚህ የሚላከውን የመጀመሪያ ደብዳቤ ብዙ ሰው ሳይመልስ ያሳልፈዋል። መልሱ ላይ ምክንያትዎን ይጻፉ፦ ሕመም፣ የልጅ ጥበቃ፣ ያልደረሰ ፖስታ፣ ያልገባዎት ቋንቋ። ልጅዎ ገና ትንሽ ከሆነና ሥራው አስተዳደጉን የሚጎዳ ከሆነ እንዲሠሩ አይገደዱም። ውሳኔው ከደረሰዎ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ በጽሑፍ ተቃውሞ ማቅረብ ይችላሉ፤ ተቃውሞው ግን ቅነሳውን በራሱ አያቆመውም፤ ለማስቆም ለማኅበራዊ ጉዳዮች ፍርድ ቤት አስቸኳይ ማመልከቻ ማስገባት ያስፈልጋል። እዚያ ለሚከስ ድጋፍ ተቀባይ የዳኝነት ክፍያ የለም። የሕግ ምክር ለማግኘት ደግሞ አቅም የሌለው ሰው ከአካባቢው ፍርድ ቤት የምክር ድጋፍ ወረቀት መውሰድ ይችላል፤ ጠበቃው ከዚያ በኋላ ሊጠይቅ የሚችለው 15 ዩሮ ብቻ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ላሉት፣ ከ2004 ጀምሮ ያለው የከተማዋ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ እንዲያስተናግዱ ያደርጋል፤ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት እንጂ ውለታ አይደለም፣ የሚከፈልበትም ነገር የለም።

ፖስታውን ከነማኅተሙ ያስቀምጡ፤ የደረሰበትን ቀን በላዩ ይጻፉበት፤ ማንበብ የሚችል ሰው እስኪገኝ አያሳድሩት። ጊዜው መቆጠር የሚጀምረው ደብዳቤው ቤትዎ ሲደርስ ነው፣ ሲገባዎት አይደለም።